ረዥሙን መንገድ የሚጨርስ ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በስፖርት ክበብ አባሎች ስም ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው ዕለት፥ በፊታችሁ ቆመን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እጅግ ደስ ብሎናል። ለእኛ ለስፖርት ክበብ አባሎች የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው፤ ልንናገርለት የመረጥነው ነገር ግን እጅግ ረዥም ነው። ይኸውም በሐይቅና በባሕር ላይ ስለሚደረገው ረዥም ዋና፥ እንዲሁም ዋናን፥ ብስክሌትንና ሩጫን በአንድ ቀን አጣምሮ ስለያዘው ትራያትሎን ስለሚባለው ውድድር ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ፥ «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ባሕሩም ከእኛ ሩቅ ነው፤ የባሕር ዋና ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሳችንንም በንግግራችን መጨረሻ ላይ እናቀርባለን። አስቀድመን ግን የዚህን ስፖርት ታሪክና አሠራር እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እንድትረዱልን እንለምናለን።

ትራያትሎን ማለት ሦስት ውድድር ማለት ነው። ተወዳዳሪው አስቀድሞ ይዋኛል፤ ከውሃው እንደ ወጣ ብስክሌት ይጋልባል፤ ከብስክሌቱም እንደ ወረደ ይሮጣል። ሰዓቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቆምም፤ ልብስ የሚለወጥበትና ጫማ የሚታሰርበት ደቂቃ እንኳ ይቈጠራል። በ2000 በሲድኒ ከተማ ወደ ኦሊምፒክ የገባው ውድድር 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፥ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያለበት ነው። ረዥሙ ግን «አይረንማን»፥ ማለትም «የብረት ሰው» የሚባለው ነው። በዚህ ውድድር 3.8 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፥ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይኬዳል፥ በመጨረሻም ሙሉ ማራቶን፥ ማለትም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይሮጣል። ይህም ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በ17 ሰዓት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። በሃዋይ ደሴቶች የሚኖሩ ስፖርተኞች፥ «ከዋናተኛ፥ ከብስክሌት ጋላቢና ከሯጭ በጉልበቱ የሚበልጠው ማን ነው?» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ከእነርሱም አንዱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ጆን ኮሊንስ፥ ከባለቤቱ ከጁዲ ጋር ሆኖ፥ በደሴቲቱ ላይ የነበሩትን ሦስት የተለያዩ ውድድሮች በአንድ ቀን ለማድረግ አሰበ። የካቲት በገባ በጥቂት ቀን፥ ማለትም ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978፥ 15 ሰዎች ተነሡ፤ 12ቱ ጨረሱ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ፈጀበት። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር ደግሞ ረዳቶቹ የያዙት ውሃ በሩጫው ላይ ስላለቀ በውሃ ፈንታ ቢራ እንዳጠጡት ይተረካል። አድማጮቻችን በዚህ መሳቃችሁ አይቀርም፤ ነገር ግን በውስጡ ትምህርት አለበት፤ ጉልበት ያለው ሰው ስንቅ ከሌለው ከመንገድ ይቀራል።

የባሕሩ ዋና ግን ከዚህ በብዙ ዓመት ይቀድማል። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ሰርጥ በጠባቡ በኩል 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማቴው ዌብ የተባለ የመርከብ ካፒቴን በነሐሴ ወር 1875 ይህን ባሕር ለመሻገር ሞከረ፤ ነፋስና ማዕበል ስለ በረታበት ተመለሰ። ዳግመኛም በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ከዶቨር ተነሥቶ በማግሥቱ ካሌ ደረሰ። በውሃ ውስጥ የቆየው 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጐድል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚወስደው፥ የዋኘው መንገድ ወደ 64 ኪሎ ሜትር ረዘመ። የፈረንሳይን ዳርቻ በዓይኑ እያየ እንኳ የውሃው ግፊት አምስት ሰዓት ያህል አላስጠጋውም። መድረሻውን ማየትና መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

ከዌብ በኋላ እስከ 1926 ድረስ በዚህ ባሕር የተሻገሩት አራት ሌሎች ወንዶች ብቻ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው፥ «ሴት ልጅ ይህን አትችልም» ይል ነበር። የ20 ዓመቷ አሜሪካዊት ገርትሩድ ኤደርሊ በፊተኛው ዓመት ሞክራ ሳይሳካላት ቀርታ ነበር፤ በነሐሴ 1926 ግን ከ14 ሰዓት ተኩል ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ተሻገረች። ከእርስዋ በፊት ከነበሩት ወንዶች ፈጣኑ 16 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ፈጅቶበት ስለ ነበር፥ በሁለት ሰዓት ያህል በለጠችው። ክርክሩንም በአፍዋ ሳይሆን በክንድዋ ዘጋችው። የዓባይ ጐረቤቶቻችን ግብጻውያንም በዚህ ስፖርት ስም አላቸው፤ በ1950 በዚያው ባሕር ላይ በተደረገው ውድድር ሐሰን አብደል ረሒም 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ በሆነ ጊዜ አንደኛ ወጥቷል።

ሕጉ ጥብቅ ነው። ዋናተኛው የሚለብሰው ተራ የዋና ልብስ፥ ቆብና መነጽር ብቻ ነው፤ ገላውን ስብ መቀባት ይችላል። አጠገቡ ጀልባ ይሄዳል፤ እርሱ ግን ጀልባውንም ሰውንም መንካት አይፈቀድለትም፤ ከነካ ዋናው ይሰረዝበታል። ምግቡ በዘንግ ወይም በገመድ ይቀርብለታል። ውሃው በበጋ እንኳ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስለዚህም ማንም ሰው ወደ ዋናው መንገድ ከመግባቱ በፊት፥ ከ16 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ ውስጥ ስድስት ሰዓት መዋኘቱን ማስመስከር አለበት።

እንደዚህ ያለ ጥንቃቄ የሚደረገው ስለ ምንድን ነው? ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ብርዱ ሲጸና ጡንቻ ይታሰራል፤ አንደበት ይኮላተፋል፤ በመጨረሻም አእምሮ ይደበዝዛል። ከዚህም የከፋው፥ ሰውየው መዳከሙን ራሱ አለማወቁ ነው። ስለዚህ በጀልባው ላይ ያለው ተመልካች በደቂቃ ስንት ጊዜ ክንዱን እንደሚያነሣ ይቈጥራል፤ ቍጥሩ ሲወርድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ መልሱ የተዛባ ከሆነ ያለ ክርክር ከውሃ ያወጣዋል። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ሆኖ እናገኘዋለን።

አሁን ደግሞ ወደ ልምምዱ እንምጣ። ለአይረንማን የሚዘጋጅ ሰው በአንድ ወር ውስጥ አይደርስም፤ ብዙዎቹ ከመደበኛ ሥራቸው ጋር በሳምንት ከ10 እስከ 15 ሰዓት እየተለማመዱ ወራትን፥ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጃሉ። ዋናን የሚማር አስቀድሞ የሚያጠናው ጉልበትን ሳይሆን ትንፋሽን ነው፤ ፊቱን ውሃ ውስጥ አግብቶ በዝግታ መተንፈስን፥ ገላውን አጋድሞ ማንሳፈፍን ይለማመዳል። በሐይቅ ላይ የሚዋኝ በታችኛው ወለል ላይ የሚመራው መሥመር ስለሌለ፥ ክንዱን ጥቂት ጊዜ ካነሣ በኋላ ዓይኑን ቀና አድርጎ በዳር ያለ ዛፍ ወይም ቤት ያያል። ያለዚያ በጉልበት እየዋኘ ወደማይፈልገው ቦታ ይሄዳል። ከብስክሌት ወርዶ መሮጥም ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እግር የሌላ ሰው እግር ይመስላልና።

ከልምምዱ ጋር እኩል የሚጠናው ስንቅ ነው። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚከማቸው ስኳር ሁለት ሺህ ካሎሪ ያህል ነው፤ በብርቱ ለሚሠራ ሰውም ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይበቃዋል። ውድድሩ ግን አሥር፥ አሥራ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ተወዳዳሪው እየሄደ በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም የሚሆን ስኳርና ስታርች ይመገባል። አያቶቻችን ለሩቅ መንገድ በሶ፥ ጭኮና ዳቦ ቆሎ የሚሰንቁት ይህንኑ በልምድ ስለሚያውቁ ነው። ውሃ ማጣት እንደሚጐዳ ሁሉ፥ ያለ ጨው ከመጠን በላይ ውሃ መጠጣትም የደምን ጨው አቅጥኖ ሰውን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ከዚህ በላይ ዕረፍትና እንቅልፍ አለ፤ ሰውነት የሚጠነክረው በድካሙ ሰዓት ሳይሆን ከድካሙ በኋላ በሚያርፍበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ውድድሩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምዱ ይቀነሳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት የስፖርት ሐኪሞች ዛሬ በመሣሪያ መዝነው የሚነግሩን ነው። ለፈተና አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይተኛ የሚያጠና ጓደኛችንም ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

የሰውነት ነገር ይህን ያህል ከሆነ፥ የልብ ነገር ደግሞ አለ። አሜሪካዊቱ ፍሎረንስ ቻድዊክ ጁላይ 4 ቀን 1952 ከካታሊና ደሴት ተነሥታ ወደ ካሊፎርንያ የባሕር ዳር መዋኘት ጀመረች። ውሃው ብርድ ነበር፤ ጉሙም ከመጽናቱ የተነሣ አብረዋት ያሉትን ጀልባዎች እንኳ ለማየት ያስቸግር ነበር። እናትዋ በጀልባ ላይ ሆና ታበረታታት ነበር። ከ15 ሰዓት ከ55 ደቂቃ በኋላ ግን አውጡኝ አለች፤ በወጣችም ጊዜ ዳርቻው አንድ ማይል እንኳ እንዳልቀረው ታወቀ። ያሸነፋት ከብርዱና ከድካሙ ይልቅ መድረሻዋን አለማየትዋ ነበር። ቻድዊክ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ ያንኑ ባሕር በ13 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ተሻገረች፤ በ1927 ወንድ ያስመዘገበውንም ሰዓት በሁለት ሰዓት ያህል አሻሻለች።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በትምህርት መንገድ ላይም ጉም አለ። ውጤት ሲወድቅ፥ ኑሮ ሲከብድ፥ መጨረሻው አይታይም። ረዥም ዋናተኞች ለዚህ ያገኙት መላ አለ። የሚቀረውን ባሕር ሁሉ አያስቡም፤ የሚያስቡት የሚቀጥለው ምግብ እስኪቀርብላቸው ያለውን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። እርሱን ሲጨርሱ ሌላውን ይጀምራሉ። ትምህርቱን ለማቋረጥ የሚያስብ ተማሪ ካለ፥ «ይህችን ሳምንት ብቻ» ብሎ እንዲጀምር እንመክረዋለን።

ደግሞም ይህን መንገድ ማንም ብቻውን አይጨርሰውም። ሪክ ሆይት የሚባል አሜሪካዊ ሲወለድ አንጐሉ ስለ ተጐዳ መራመድና መናገር አይችልም ነበር። ለብዙ ዓመት ትምህርት ቤት የሚቀበለው አልተገኘም፤ ወላጆቹ ግን አልተዉትም። በ1977 ለተጐዳ ስፖርተኛ መርጃ በተደረገ ሩጫ ላይ መካፈል ስለ ፈለገ፥ አባቱ ዲክ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋው ሮጠ። ልጁም በምትናገርለት መሣሪያ አማካይነት፥ በሚሮጡበት ጊዜ አካለ ስንኩል መሆኑን እንደሚረሳው ለአባቱ ነገረው። ከዚያ በኋላ አባትየው ዋና የማያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ ዋና ተማረ። በ1989 በሃዋይ የብረት ሰዎች ውድድር፥ ልጁን በትንሽ ጀልባ አስቀምጦ በገመድ እየጐተተ ዋኘ፤ በብስክሌቱ ፊት አስቀምጦ ጋለበ፤ በወንበር እየገፋ ማራቶኑን ጨረሰ። ልጁ ሪክም በ1993 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ወላጆቻችን ሆይ፥ እናንተም እኛን በዕለት ድካማችሁ እየጐተታችሁ እዚህ አድርሳችሁናልና ይህ ታሪክ እንግዳ እንደማይሆንባችሁ እናውቃለን።

ስፖርቱ የጐልማሶችና የጤነኞች ብቻ ነው የሚልም ካለ፥ ማዶና ቡደር የተባሉት ካቶሊካዊት መነኲሲት በ2012 በ82 ዓመታቸው የአይረንማንን ውድድር በተወሰነው ጊዜ ጨርሰዋል። በ2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ፥ የ10 ኪሎ ሜትር ዋና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ፥ በመንገድ አደጋ ግራ እግርዋን ያጣችው የደቡብ አፍሪካዋ ናታሊ ዱ ቶይት ከጤነኞቹ ጋር ተወዳድራ 16ኛ ወጣች። በወንዶቹ ውድድር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው የሆላንዱ ማርተን ቫን ደር ዋይደን ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት የደም ካንሰር ታሞ የዳነ ሰው ነበር።

አሁን መልስ ወደ ገባንበት ጥያቄ እንመለስ። የባሕር ዋና ለእኛ ምናችን ነው?

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1956 በሜልቦርን ሲሆን፥ የላከቻቸውም ሯጮችና የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ነበሩ። በሩጫው አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፥ በ1964ም በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በ40 ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ አሸንፎ ዓለምን አስደንቋል። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑበት በኋላም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። በብስክሌቱም ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የቱር ደ ፍራንስን ታላቅ ውድድር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱን እናውቃቸዋለን፤ የቀረን ውሃው ነው።

ውሃውንም የምናነሣው ስለ ሜዳልያ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአራቱ አንዱ የሚያህለው ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው፤ አብዛኞቹም የሞቱት ሀብታሞች ባልሆኑ አገሮች ነው። በአገራችንም ክረምት በመጣ ቍጥር ወንዝ ሲሻገሩ፥ ከብት ሲያጠጡ፥ በኩሬ ሲታጠቡ የሚቀሩ ልጆች እንዳሉ የማያውቅ ወላጅ የለም። ያ ታላቅ ዋናተኛ ማቴው ዌብ እንኳ፥ ባሕሩን ያሸነፈ ሰው፥ በ1883 በናያጋራ ወንዝ ደራሽ ውሃ ውስጥ ለመዋኘት ገብቶ በ35 ዓመቱ ሞተ። ውሃ የቀድሞ ዝናን አይቈጥርም።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለን።

የመጀመሪያው ለወላጆቻችን ነው። «ወደ ውሃ እንዳትሄዱ» ማለታችሁ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይሄዳል፤ የተማረ ልጅ ግን ተጠንቅቆ ይሄዳል። ዋና በሚያስተምር ታማኝ ሰው ፊት እንድንማር ፍቀዱልን፤ ሴቶች ልጆቻችሁንም አታስቀሩብን፤ ጎርፍ ወንድና ሴት አይለይምና።

ሁለተኛው ለትምህርት ቤታችን ነው። የመዋኛ ገንዳ ይሠራልን አንልም፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ነገር ግን በሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት ሰዓት፥ ክረምት ከመግባቱ በፊት፥ ስለ ውሃ አደጋና ስለ መጀመሪያ ርዳታ በየዓመቱ ጥቂት ሰዓት እንዲሰጥልን እንለምናለን። ለዚህ ጥቍር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል።

ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። ብቻችንን ውሃ አንግባ። ጥልቀቱን በማናውቀው ውሃ በራሳችን አንወርወር። ደራሽ ሲመጣ እስኪያልፍ እንጠብቅ፤ ጉልበት የማይደርስ ጎርፍ እንኳ አዋቂን ይጥላል። ሰው ሲሰጥም ብናይ፥ ያልሠለጠንን ሆነን ዘለን ብንገባ ሁለት ሬሳ እንሆናለን፤ ከዳር ሆነን ረዥም ዱላ እንዘርጋለት፥ ወይም ገመድ፥ የተጣመረ ጋቢ፥ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን እንወርውርለት፤ ጩኸንም ሰው እንጥራ። ስለ ሐይቆቻችንም አስቀድመን እንጠይቅ። በጣናና በሐዋሳ ዳርቻ የብልሃርዝያ በሽታ አለ፤ በዓባያና በጫሞ አዞ አለ፤ ላንጋኖ ከብልሃርዝያ ነጻ ነው እየተባለ ብዙ ሰው ይዋኝበታል፤ እርሱም ቢሆን ጥልቅ ነው። ስለ ታላላቆቹ ውድድሮችም አንቸኩል፤ አይረንማን ከ18 ዓመት በታች ያለን አይቀበልም፤ የእንግሊዙን ሰርጥ ብቻውን የሚሻገርም 16 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

«ረዥሙን መንገድ የሚጨርስ ማን ነው?» ብለን ነበር ርእሳችንን የሰየምነው። ከተናገርነው ታሪክ ሁሉ እንደምናየው፥ የሚጨርሰው ከሁሉ የበረታው ሰው ሁልጊዜ አይደለም። የሚጨርሰው ቀስ ብሎ የጀመረ፥ ስንቁን የያዘ፥ ምክር የሚሰማ፥ ወድቆ የሚነሣ፥ ከጐኑም የሚጠብቀው ሰው ያለው ነው። ይህች ትምህርት ቤት ያቋቋሟት ሰዎች የጀመሩትን እኛ ተቀብለናል፤ እኛም ለሚቀጥሉት በደኅና እንድናስረክብ፥ መጀመሪያ ሁላችንም በሕይወት መገኘት አለብን።